ለአባዬ ሰባኛ ዓመት የቀመስናቸው ወይኖች

አባዬ ልደት አክብሮ አያውቅም። «ጥር ውስጥ ነው የተወለድኩት፣ ቀኑን እናቴ ይዛው ሄዳለች» ይላል። እኛ ልጆቹ አንዱን የጥር ቅዳሜ መርጠን ሰባኛ ዓመቱን አከበርንለት። ሻማ እፍ በል እንዳትሉኝ ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆናል። የወንድሜ ልጅ ታዲያ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ለምን ወይን አንቀምስም? ልጁ ሆቴል ነው የሚሠራው። የመጠጥ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ብርጭቆውን ሳያሽከረክር ውኃም አይጠጣም።

ሁሉም ከየቤቱ አንድ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ጉደር አለ፣ አክሱሚት አለ። ከዝዋዩ ፋብሪካ ደግሞ ጣፈጥ ያለው ቀይ አካሲያ፣ ሪፍት ቫሊ ቀይ ካቤርኔ ሶቪኞንና ነጭ ሻርዶኔ። እህቴ ከኬፕታውን ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ በሹራብ ጠቅልላ ፒኖታዥ የሚባል ቀይ ወይን ይዛለች። ለአክስቴም ወይን ነው የምንጠጣው ብለን ነግረናት ነበር። «እሺ» አለች፣ ጠጇን በጀሪካን አስይዛ ከተፍ አለች።

የዝዋዩ ነገር ይገርመኛል። ወደ ሐዋሳ ስንወርድ እዚያ የምናውቀው ዓሣውንና የአበባ እርሻውን ብቻ ነበር። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ መሬቱ ላይ ወይን ተከለና በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ገበያ ላይ አወጣ። ከዚያ በፊት ወይን ማለት ለእኛ ቤት የአዋሽ ወይን ፋብሪካ ምርት ነው። ሠርግ ላይ ጉደር፣ ሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ አክሱሚት፣ አለቀ።

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቀለልናቸው። ልጁ ቀዮቹን ለግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ሲከት ተቃውሞ ተነሣ። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም ተብሎ አይደል የተማርነው? እሱ ግን አልተበገረም። የቤት ሙቀት የሚባለው ቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤት ነው፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት ዲግሪ ቢሆን ነው፣ በጥር ፀሐይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሳሎን አይደለም አለ። ሲቀመስ እውነቱን ነበር። ሞቅ ያለ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል።

ከዚያ ማሽተት መጣ። ልጁ አንዱን አሽትቶ «ብላክ ከረንት» አለ፤ የፈረንጅ ጥቁር ፍሬ ነው።

አክስቴ ቀና አለች። «በልተኸው ታውቃለህ?»

«አይ፣ እትዬ።»

«ታዲያ በምን አወቅከው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በራሱ አፍ ማውራት ጀመረ። አክስቴ ካቤርኔውን ፉት አለችና ምላሷን ከላንቃዋ ጋር አጣብቃ ቆየች። «ይሄ ጌሾው በዝቷል» ብላ ፈረደች። ወይን ውስጥ ጌሾ የለም፣ ግን ያለችው ልክ ነው፤ ከልጣጩና ከፍሬው የሚወጣው ታኒን ነው ድድ የሚይዘው። ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ምሬትን መለካት ማን ያስተምራታል?

የአባዬ ግን ባሰ። ወይን የሚጠጣው ሠርግ ላይ፣ ያውም ለይሉኝታ ነው። አንዱን ብርጭቆ አፍንጫው ሥር ያዘና ዝም አለ። እንደገና አሸተተ። «ይሄ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን ይሸታል» አለ። ጋዜጣው ሲገፈፍ ፒኖታዡ ሆኖ ተገኘ። ልጁ አፉን ከፈተ፤ ፒኖታዥን የሚያውቁ ሰዎች የሚያነሡት አንዱ ጠረን ጭስ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ስቴለንቦሽ ውስጥ አብርሃም ፔሮልድ የሚባል ፕሮፌሰር ፒኖ ኗርና ሳንሶ የሚባሉ ሁለት የወይን ዝርያዎችን አዳቅሎ የፈጠረው የደቡብ አፍሪካ ወይን ነው። አባዬ ይኼን ሁሉ ሲሰማ «ጠላ ቢጠምቁበት ይሻላቸው ነበር» ብሎ ዘጋው።

በባዶ አፍ ስንቀምስ ካቤርኔውና ፒኖታዡ መሩ። አካሲያና አክሱሚት ከኋላ ቀሩ፤ ጣፋጭ ነው ማለት፣ የማያውቅ ሰው ወይን ነው ማለት ሆኗላ። ጣፋጭ ወይን እወዳለሁ ያለ ከተሜ ዘንድሮ ይሸማቀቃል።

ዶሮው ቀረበ። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ከአንድ ጉርሻ በኋላ ያ የተመሰገነው ካቤርኔ መራራ ውኃ ሆነ። በርበሬው ያነደደውን አፍ አልኮሉ ጨመረበት፣ ታኒኑ ደግሞ አሻከረው። ወንድሜ ኩራቱ ይዞት ሁለት ሦስቴ ታገለና ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። ያን ጊዜ ነው አካሲያው የተፈለገው። ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል፣ በርበሬው ደግሞ ጣፋጩን ይሰብረዋል። ጠርሙሱ ዶሮው ሳያልቅ አለቀ፣ ወደ አክሱሚት ተዞረ። ከሁሉም በላይ ግን ከዶሮው ጋር የሄደው የአክስቴ ጠጅ ነበር። ብርሌ ስላልነበረን በወይን ብርጭቆ ጠጣነው፤ ልጁ እንኳን ሳያሽከረክር ነው የጨለጠው።

ካቤርኔው ክብሩን ያገኘው ጥብሱ ሲመጣ ነው። በርበሬ የሌለው፣ ቅቤው የሚንቸሰቸስ፣ የጥብስ ቅጠል ያለበት። ሥጋና ስብ ታኒኑን ያለሰልሱታል፤ አክስቴ ራሷ እንደገና ቀምሳ «አሁን ጌሾው ተስተካክሏል» አለች።

ስለዚህ የኛ ሰው ጣፋጭ ወይን ይወዳል፣ አይገባውም የሚሉትን ከእንግዲህ አልሰማም። ምላሱ ያደገው በወጥ ነው። የወጥን ገበታ የጥብስ ወይን ይዞ መፍረድ ፍትሕ አይደለም። ጉደርን በኮካ የሚበርዘውን የጎረቤታችንን ጋሼንም ልጁ እስከ ዶሮው ድረስ በዓይኑ ሲገርፋቸው ነበር። ከዶሮው በኋላ ብርጭቆውን ዘረጋላቸው።

ለፋሲካ ዝርዝሬን ከወዲሁ ይዣለሁ። ለዶሮው አካሲያ፣ ለጥብሱ ካቤርኔ፣ ጠጁን አክስቴ ትችለዋለች። እህቴ ከመጣች ለአባዬ ያንን የጋን ወይን ታምጣለት፤ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፣ ስሙን ግን ሊይዘው አልቻለም። ሻርዶኔው ሳይነካ ፍሪጅ በር ላይ ቆሟል። ዓሣ የሚሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይውሰደው።