ከኩላሊት የተወረሰ ቤት

ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንዲሁ ከፍቶኛል። ምክንያት የለውም። ድሬ በርጫ ላይ ናት፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ከከዚራ ወደ መጋላ ስሻገር ደቻቱ ወንዝ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ታች አሸዋ ብቻ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ያ ሁሉ ውሃ በዚህ በኩል አለፈ ቢባል እንዴት ያምናል? አሁን የቀረውን አሸዋው ጠጥቶታል። እሷ ደወለችና «ምን ሆነሃል?» አለች። «ቆይ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ፤ ሐሳቤ ሌላ ውሃ ጠጪ ጋ ሄዶ ነበር።

የኮርማን የዘር ፍሬ ከፍቶ ያየ ያውቀዋል። ከፍሬው የሚወጣው ፈሳሽ ሲነሳ ቀጭን ነው፤ አብዛኛው ውሃ፣ ዘሩ እዚህም እዚያም ተበትኖ የሚዋኝበት። ከፍሬው ወጥተው ወደ ኤፒዲዲሚስ፣ ዘሩ በስሎ ወደሚጠራቀምበት ጥቅልል ቱቦ፣ የሚገቡት ጥቃቅን ቱቦዎች፣ ኤፈረንት የሚባሉት፣ ከዚያ ፈሳሽ ዘጠና በመቶ ያህሉን ይመጥጡታል። ግድግዳቸው ሁለት ዓይነት ህዋስ ነው፤ ሲሊያ፣ ማለትም የሚወዛወዝ ጥቃቅን ፀጉር፣ ያላቸውና የሌላቸው። የሌላቸው ናቸው መጣጮቹ። በሰው ላይ ረጅሙና አጭሩ እየተፈራረቀ ስለሚቆም የቱቦው ውስጠኛ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ወጣ ገባ ይላል፤ ስላይድ ላይ በዚህ ብቻ ይለያል። ሲሊያዎቹ በእርግጥ ይወዛወዛሉ፤ ዘሩ እንዳይጓጉል ፈሳሹን ያማስላሉ። ወደፊት የሚገፋው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው።

መምጠጡን የሚያዝዘው ደግሞ ኢስትሮጅን ነው። አዎ፣ የሴት ሆርሞን የምንለው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአይጥ ጥናት የኢስትሮጅን ተቀባይ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አሳይቷል፦ ውሃው አይመጠጥም፣ ወደኋላ ይጠራቀማል፣ ፍሬው ያብጣል፣ ቆይቶ ይጠወልጋል። ለወንድነት ሆርሞን ብቻ የሚምሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት ደስ ይለኛል።

ውሃ መጥጦ መመለስ የኩላሊት ሥራ አይደል? ነው፤ በአጋጣሚም አይደለም። ፅንሱ ገና ጥቂት ሳምንት ሳለ የሚሠራለት ጊዜያዊ ኩላሊት አለ። ዋናው ኩላሊት ሲመጣ ይሄኛው ይፈርሳል። በወንዱ ግን ቱቦዎቹ አይጣሉም፤ ጥቃቅኖቹ ኤፈረንት ይሆናሉ፣ ዋናው ቧንቧ ኤፒዲዲሚስና ዘሩን ከዚያ የሚያወጣው ቫስ ዴፈረንስ ይሆናል። በሴቷ ያው ቧንቧ ይሟሽሻል፤ ላም ላይ ከብልቷ ግድግዳ ውስጥ ቅሪቱ ይገኛል፣ አንዳንዴም ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ወንድ በኪራይ ቤት ነው የሚኖረው ማለት ነው፤ የቀድሞው ተከራይ ኩላሊት።

ኤፒዲዲሚስ ተጠቅልሎ እጅ ውስጥ ይገባል፤ ሲዘረጋ ግን ኮርማ ላይ ከ30 ሜትር ያልፋል፣ ሰው ላይ 6 ሜትር ያህል ነው። አንድ ቱቦ ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም። ራሱ ጋ ህዋሶቹ ረጃጅም፣ ቀዳዳው ጠባብ፤ ጭራው ጋ ህዋሶቹ አጥረው ቀዳዳው ሰፍቶ ጡንቻው ወፍሯል፣ መጋዘኑ እዚያ ነውና። ብዙዎቹ ዋና ህዋሶች ናቸው። ከሥር ቤዛል ህዋሶች ይተኛሉ። ጣል ጣል ያሉት ክሊየር ህዋሶች አሲድ ይረጫሉ፤ ዘሩ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይነቃ የሚያደርገው አንዱ ይሄ ነው። የዋና ህዋሶቹን ፀጉር ስቴሪዮሲሊያ ያለው ሰው ግን ስንት ተማሪ አሳስቷል! ሲሊያ አይደለም፣ አይወዛወዝም፤ የረዘመ ማይክሮቪላይ ነው፣ የህዋሱ ጣት መሰል እጥፋት። ፈተና ላይ በየዓመቱ እዚህ ጋ ይወድቃሉ።

በኮርማና በአውራ በግ ዘሩ ይህን መንገድ ለመጨረስ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንገቱ ላይ የምትንጠለጠል ጠብታ አለች፤ እየበሰለ ሲሄድ ወደ ጭራው ትወርዳለች። የኮርማ ዘር ውስጥ አንገታቸው ላይ ጠብታ ያላቸው ከበዙ፣ ወይ ሳያርፍ ሠርቷል ወይ ፍሬው ታሟል።

ለማየት የሚፈልግ ደግሞ ይፍጠን። በድሬ ሙቀት ከቄራ ላብራቶሪ እስኪደርስ ህዋሱ ከመሠረቱ ተላቆ ቀዳዳው ውስጥ ይፈሳል፤ ጀማሪው ይህን አይቶ «በሽታ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከመቁረጡ በፊት የኤፒዲዲሚሱን ጭራ በክር ማሰር፣ አለመጨመቅ፣ ከ5 ሚሊሜትር የማይወፍር ቁራጭ ቡዌን በሚባለው ማድረቂያ ፈሳሽ ውስጥ፣ ህዋሱ እንዳይበሰብስ፣ ለ24 ሰዓት መንከር። ቡዌኑ 75 እጅ የጠገበ ፒክሪክ አሲድ፣ 25 ፎርማሊን፣ 5 አሴቲክ አሲድ። ፒክሪኩ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይደርቅ፤ ከደረቀ በትንሽ ግጭት ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ቢጫው እስኪለቅ በ70 በመቶ አልኮል ደጋግሞ ማጠብ። ማይክሮቶም፣ ስስ አድርጎ የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁራጩ የተቀበረበት የፓራፊን ሰም ብሎክ በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ በዚህ ሙቀት ይለሰልስና 5 ማይክሮን ማውጣት ቀርቶ እንደ ቅቤ ይላቆጣል። ምላጩ ቱቦውን በሰያፍ ከነካው ደግሞ አንድ ረድፍ የሆነው ህዋስ አምስት ረድፍ መስሎ ይታያል።

ቱቦው ከተደፈነስ? ዘሩ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ያየዋል፣ ይቋጥራል፤ የሰውነት ጠባቂ ህዋሶች የራስ የሆነውን ከባዕዱ ለይተው ሲማሩ ዘር ገና አልተሠራም ነበርና። ከሁለቱም ወላጆቹ ቀንድ አልባነትን የወረሰ ወጠጤ ላይ በኤፒዲዲሚስ ራስ የሚገኘው ጠጣር እብጠት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። በግ ላይ የኤፒዲዲሚሱ ጭራ ጋ ከጠጠረ ግን መጀመሪያ ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠርጠር፣ በባዶ እጅም አይነካ።

ባቢሌ ያሉት ዝሆኖች ነገር ደግሞ አለ። የወንዱ ፍሬ ከረጢት የለውም፤ ሆዱ ውስጥ፣ ኩላሊቱ አጠገብ ተቀምጧል። የእኛ ከብቶች ቆለጥ እንዲቀዘቅዝ ወደ ውጭ ሲሸሽ እሱ ከአሮጌው ቤት አልወጣም። ታዲያ የሌሎቹ ዘር በሆድ ሙቀት የሚበላሽ ከሆነ የእሱ እንዴት ችሎ ይኖራል? እዚህ ላይ ነበርኩ፣ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ዘግተህ ጠፋህ እኮ። ምን ሆነህ ነው?»

«ዝሆን...» አልኩ። ዘጋችው።

እውነትም ግን፣ ምን ሆኜ ነበር?