የብረት ቫልቭ ይዤ ጅማ ላይ ስኖር

ልቤ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ በር፣ አለ። ሰዉ “የብረት” ይለዋል። ልጅ እያለሁ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ዞሮ ሩማቲክ የልብ ሕመም ሆነና ሚትራል የሚባለውን ቫልቭ አበላሸው። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል። ባለቤቴ ለምዳዋለች፤ እንግዳ ግን የግድግዳ ሰዓት ይፈልጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያሳስበው የደም መርጋትና ኢንፌክሽን ነው። ደም ቫልቩ ላይ ረግቶ ቁራጩ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ከተራባም ከዚያ የሚቦጨቀው ነገር መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ እኔ ትኩሳትንና ስትሮክን ለያይቼ አላያቸውም።

ደሜ እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፤ ማታ፣ ከሁለት ሰዓት ዜና ጋር። ለእኔ ዓይነት ቫልቭ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው የሚፈለገው። ሲወርድ መርጋት፣ ሲወጣ መድማት። ውጤቱንና የምወስደውን መጠን ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

“ጎመን እንዳትነካ” ያለኝ ሰው ብዛቱ! እርግጥ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ቁም ነገሩ ግን መተው ሳይሆን መጠኑን አለማዘበራረቅ ነው። የእኔ ፈተና ሁዳዴ ነው፤ ማዕዱ ሁሉ ጎመን ይሆናል። አሁን በጾሙም በፍስኩም ያው ሁለት ጭልፋ ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ እመረመራለሁ።

ብዙ የተማርኩት ከትኩሳት ነው። ጅማ ላይ ያተኮሰው ሰው ወይ ወባ ነው ወይ ታይፎይድ። ብዙው ሰው ፋርማሲ ጎራ ብሎ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል። ቫልቭ ላለው ሰው ይሄ አደገኛ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተዋጠ ባክቴሪያው በደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን አሳድጎ በሚያይ ምርመራ፣ ላይታይ ይችላል። በክረምት ሲያተኩሰኝ ጎረቤታችን እትዬ “ታይፎይድ ነው ልጄ፣ ሁለት ፍሬ ዋጥና ተኛ” አሉኝ። አመስግኜ ሆስፒታል ሄድኩ። ከካርድ ክፍል ጀምሮ ላገኘሁት ሁሉ “ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለኝ” አልኩ። መድኃኒት ሳልጀምር ለካልቸር ደም ተወሰደ፤ የወባም ታየ። ወባ ሆነ። ወባ ስለያዘው ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አይኤንአሩንም አዩልኝ፤ ሰው ታሞ ምግብ ሲዘጋው ከፍ ሊል ይችላል።

ከአፍ የተነሳ ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ እንዳይራባ ጥርስ ከመነቀሌ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አሞክሲሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ 2 ግራም ታዞልኝ እወስዳለሁ። ዋርፋሪኑን በራሴ አላቆምም። ፋርማሲ ስገባም መጀመሪያ የምናገረው ዋርፋሪኑን ነው፤ እንደ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ያሉ አንቲባዮቲኮች አይኤንአርን ሽቅብ ይሰዱታል፣ እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ለመድማት ያጋልጣሉ።

ቤተሰቤንም አስጠንቻለሁ። ፊቴ ከተጣመመ፣ እጄ ከዛለ ወይም አፌ ከተሳሰረ “አስፒሪን ስጡት” የሚለውን እንዳይሰሙ። አንጎል ውስጥ ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ ያለ ሲቲ ስካን (የጭንቅላት ራጅ ምርመራ) አይለይም። የጀመረበትን ሰዓት መያዝ የልጄ ሥራ ነው፤ መኪና ወይም ባጃጅ መጥራት የባለቤቴ። መንገድ ላይ ከወደቅኩ ደግሞ ቫልቬንና ዋርፋሪኑን የሚናገር ወረቀት ከመታወቂያዬ ጋር አለ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።