ጅማ ላይ ያዘጋጀነው ተውኔትና የተዘጋው መጨረሻ

የአሜሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የጆን ፓትሪክ ሻንሊን «ጥርጣሬ» (Doubt) በአማርኛ መድረክ ላይ ለማውጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ መጨረሻውን ማንም እንዲዘጋባችሁ አትፍቀዱ። እኔ ፈቀድኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ዮርክ ነው፤ በ2005 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በ1964 ብሮንክስ በተባለው የኒው ዮርክ ክፍል በሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ይካሄዳል። ርዕሰ መምህሯ መነኩሲት ቄሱን አንድ ጥቁር ተማሪ ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሷል ብላ ትጠረጥራለች። ማስረጃ የላትም፤ እርግጠኛ ናት ግን። ልጁ መድረክ ላይ አይወጣም፣ ቄሱ አጥፍቷል አላጠፋምም አይነገርም።

የባለመብቱን ፈቃድ ትርጉሙን ሳትጀምሩ ጠይቁ። ተዋንያኑ አራት ናቸው፦ ርዕሰ መምህሯ፣ ቄሱ፣ አንዲት ወጣት መነኩሲትና የልጁ እናት፤ ገቢሩም አንድ ነው። በእንግሊዝኛ 90 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው በእኛ አማርኛ 110 ደቂቃ ወሰደ። ሰባት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን ተለማመድን፤ በቃን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና አንድ አግዳሚ ከበቂ በላይ ነው። የጅማ በርጩማ ያምራል ብላችሁ አታስገቡ፤ ቢሮው ሳሎን ይሆንባችኋል። ክረምት ላይም አታሳዩ። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው፣ የጅማ ዝናብ ሲጀምር በሹክሹክታ የተጻፈ ንግግር ሁሉ ይጠፋል። ተዋናዩ ድምፁን ከፍ ካደረገ ደግሞ ጥርጣሬው ጠብ ይመስላል።

ትርጉሙ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። የክሱ መነሻ ከልጁ ትንፋሽ የሸተተው የቅዳሴ ወይን ነው። በመጀመሪያው ረቂቃችን «ዘቢብ» ብለነው ነበር። ዘቢብ ግን በኦርቶዶክስ ቅዳሴ ደርቆ የቆየው ፍሬ ውሃ ውስጥ ርሶ የሚጨመቅ፣ ያልፈላ ነው፤ አያሰክርም፣ አፍ ላይም አይሸትም። ተመልካቹ ይህን ስለሚያውቅ ያለችው አንዲት ፍንጭ ገና በመጀመሪያው ትፈርሳለች። «የወይን ጠጅ» በሉት። «ሲስተር» የሚለውንም ተዉት፤ እኛ ዘንድ ሲስተር ሲባል ቀድማ የምትታሰበው ነርስ ናት። ርዕሰ መምህሯን «እማሆይ» አልናት፣ ቄሱን «አባ»። እማሆይ ቄሱን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ትበለው። በልምምድ ላይ ተዋናይቷ ተናዳ አንዴ «አንተ» አለችው፤ በዚያች ቃል ፍርድ ተሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትዕይንት ሁሉ ትርፍ ሆነ።

ከሁሉም በላይ ሁለት ግሦችን ለዩ፦ ጠረጠረና ተጠራጠረ። የመጀመሪያው ጣት ወደ ሰው ይቀስራል፣ ሁለተኛው ወደ ራስ ይመለሳል። እማሆይ ተውኔቱን ሙሉ የጠረጠረች ናት፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት በመጀመሪያው ትዕይንት አፏ ላይ ያኖርኩት ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ስታለቅስ ግን ማለት ያለባት «ተጠራጠርኩ» ነው። ምኑን? የቄሱን ጥፋት? ቤተ ክርስቲያኗን? እግዚአብሔርን? አትመልሱላት።

እኔ ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። ጽሑፉን ለግምገማ ሳስገባ ባለሙያው የመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መልእክቱ ግልጽ አይደለም፤ ቄሱ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ ይገለጽ» ብሎ ጻፈ። የሚታይበት ቀን ቀርቧል፣ አዳራሹ ተይዟል። ሳልከራከር፣ ማብራሪያ እንኳን ሳልጽፍ፣ ለወጣቷ መነኩሲት አራት መስመር ጨመርኩ፤ ቄሱ ንጹሕ እንደነበር በኋላ ታወቀ የሚል።

አራቱ መስመሮች የበሉት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይደለም። ቄሱ ንጹሕ ነው ከተባለ እማሆይ ክፉ አሮጊት ሆና ትቀራለች፤ ለልጆቹ ስትል የምትከፍለው ዋጋ አይታይም። የልጁ እናት መምጣትም ትርጉም ያጣል። ያቺ እናት ልጇ ቤት ውስጥ በአባቱ እንደሚደበደብ ታውቃለች፣ ቄሱም ምናልባት ሊጎዳው እንደሚችል ትሰማለች፤ ሆኖም እስከ ሰኔ ይቆይልኝ ብላ ትለምናለች። ቄሱ ንጹሕ ከሆነ እዚያ ጋ የሚያስጨንቅ ምርጫ የለም። «ጥፋተኛ ነው» ብዬ ብጨምርም በሌላ በኩል ያው ይፈርስ ነበር። የመጀመሪያው ቀን መብራት ሲበራ ሕዝቡ አጨብጭቦ፣ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ስለ ልጁ አንድም ሰው ሲያወራ አልሰማሁም።

ለሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፌ ወሰድኩ፦ መልእክቱ ራሱ ጥያቄው ነው፣ ተመልካቹ እንዲፈርድ ሳይሆን ስለ ፍርዱ እንዲጨነቅ ነው የተጻፈው። ባለሙያው አንብቦ ፈቀደ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር የጎደለው! እናንተ ማብራሪያውን ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ አስገቡ። «ትምህርት ይኑረው» ሲሏችሁ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የማይጠቅም ምክር ሲሆን አትቀበሉ።

ሻንሊ የቄሱን እውነት የነገረው ቄሱን ለሚጫወተው ተዋናይ ብቻ ነበር። እኔም የእኛ ተዋናይ ለብቻው እንዲወስን ነገርኩት፤ ምን እንደወሰነ አልጠየቅኩትም፣ እማሆይን የምትጫወተውም አታውቅም። በሁለተኛው ቀን «ተጠራጠርኩ» ካለች በኋላ መብራቱን በ10 ሰከንድ ቀስ አድርገን አጠፋን። ሰዉ ወጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ እየጠበቀ፣ ባልና ሚስት ስለ እናትየዋ ይከራከሩ ነበር።