ሱዶኩ ላይ "መልሱ አንድ ነው" ብሎ መነሳት ይቻላል?

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሰሞኑን ስንከራከርበት የከረምነው ነገር አለ፣ ሱዶኩ ስትሰራ "መልሱ አንድ ብቻ ነው" የሚለውን እንደ ህግ ይዘህ መነሳት ትችላለህ ወይስ አትችልም? እሱ ይቻላል ይላል። እኔ ግን አይዋጥልኝም።

ህጉ እኮ አጭር ነው። 81 ቤት አለ፣ የተወሰኑትን አዘጋጁ ሞልቶ ይሰጥሃል፣ ቀሪውን አንተ ስትሞላ በየረድፉ በየአምዱ እና በየሳጥኑ (3 በ3 በሆነው ክፍል) ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ይገባሉ፣ አለቀ። (ዲያጎናሉ ላይም መደገም የለበትም የሚላችሁ ሰው ካለ ስለ ሌላ ዓይነት ሱዶኩ ነው የሚያወራው፣ ተራው ላይ እንደዛ የሚል ህግ የለም።) መልሱ አንድ መሆን አለበት የሚለው ለኔ የአዘጋጁ ግዴታ ነው እንጂ የፈቺው ህግ አይደለም።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው። አራት ቤቶች በሁለት ረድፍ፣ በሁለት አምድ እና በሁለት ሳጥን ላይ አራት ማዕዘን ሰርተው ተቀምጠዋል። ሶስቱ ውስጥ ሊገባ የሚችለው 3 ወይ 8 ብቻ ነው፣ አራተኛው ላይ ግን 3፣ 8 ወይ 5። ጓደኛዬ ቀጥ ብሎ 5 ጻፈ። ለምን ስለው፣ 5 ካልሆነማ 3 እና 8ን ብታቀያይራቸውም ልክ ስለሚሆን ሁለት መልስ ይወጣል፣ ሱዶኩ ደግሞ ሁለት መልስ የለውም አለኝ። ሎጂኩ ልክ ነው፣ 5 ሆኖም ወጣ። ግን 3 እና 8 እዛ ቤት የማይገቡበትን ምክንያት ሰሌዳው ላይ አላሳየኝም፣ አዘጋጁን ነው ያመነው። ገምቶ መሙላትን እንኳን ከዚህ ይልቅ እቀበለዋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ቁጥር እንደማይሆን እስከ መጨረሻው ሄደህ ካሳየህ እሱ ማስረጃ ነው።

ይሄን አቋም የያዝኩት ራሴ አንድ ሱዶኩ ካዘጋጀሁ በኋላ ነው። 24 ቁጥር ሰጥቼ ራሴው ስፈታው አንድ ቦታ ላይ ቆመብኝ፣ በዚሁ በአራት ማዕዘኑ ዘዴ አለፍኩት እና እስከ መጨረሻው ወጣልኝ፣ በቃ አንድ መልስ አለው ብዬ ለሰው ሰጠሁት። ሰውየው ሌላ መልስ ይዞ መጣ፣ አንድም ህግ አልጣሰም። ለካ ማረጋገጥ የነበረብኝን ነገር ከመጀመሪያው እውነት ነው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ጓደኛዬ ደግሞ ዝም አይልም፣ 17ን ያነሳብኛል። ከ17 ያነሰ ቁጥር ተሰጥቶ አንድ መልስ ብቻ ያለው ሱዶኩ እንደሌለ ደብሊን ያሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ በኮምፒውተር ፈትሸው አሳይተዋል፣ መልሱ አንድ መሆኑ የጨዋታው አካል ባይሆን ማን ይሄን ይጠይቅ ነበር ይላል። ይሄ ጠንካራ ነጥብ ነው። ከተሰጡት ውስጥ 4ም 7ም ጭራሽ ከሌሉ ሁለቱን ብታቀያይር መልሱ ሁለት ይሆናል፣ ስለዚህ ከ9ኙ ቢያንስ 8ቱ መታየት አለባቸው። ግን ይሄ ሁሉ አዘጋጁ የሚጨነቅበት ነገር ነው እላለሁ እኔ።

ለጊዜው የተስማማነው በዛ ዘዴ የሞላነውን ቤት እንድናከብበው ነው፣ ከጨረስን በኋላ ተመልሰን ያለሱ ይወጣ እንደሆነ እናያለን። ትናንት ያከበብነው 5 አሁንም አልወጣልንም።