የሞረድ አሻራ፦ የኢንቨርካርጊል ጉዞ ማስታወሻ

ከመደብሩ በር እንደገባሁ ያየሁት አካፋና መጥረቢያ ነው። ቀጥሎ ድስትና መጥበሻ፣ ከዚያም በየመሳቢያው እንደ መጠኑ የተለየ ብሎንና ዳዶ። አንድ ገበሬ የአጥር ሽቦ በክንዱ አንጠልጥሎ ሒሳብ ለመክፈል ተራ ይዟል። ይህን ሁሉ አልፌ ወደ ውስጥ ስዘልቅ እግሬ በድንገት ቆመ። ከሸቀጡ መካከል፣ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁላት ሞተር ብስክሌት ቆማለች።

ከተማዋ በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው ኢንቨርካርጊል ናት። መደብሩ ደግሞ በ1932 የተቋቋመው፣ በዲ ጎዳና ላይ ያለው የሄይስ ቤተሰብ መደብር ነው። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሞተር ብስክሌቷ በገዛ እጁ እየለወጣት የፍጥነት ክብረ ወሰን ያስመዘገበባት የበርት ሙንሮ ናት። ብዙ ሰው በፊልም አማካይነት ያውቃታል። እኔን ያመጣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በወጣትነቴ ሞርሳ ፊት ቆሜ ብረት መሞረድ ተምሬያለሁ። አንድ ሰው አንዲትን ማሽን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በገዛ እጁ ሲሠራና ሲያፈርስ ቢኖር፣ በብረቱ ላይ ምን ዓይነት አሻራ እንደሚቀር በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር።

በዋዜማው ከደኒደን የተነሣሁት በኪራይ ሞተር ብስክሌት ነው። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሣቴ በፊት፣ በየማለዳው እንደማደርገው፣ የኋላውን ጎማ በእጄ እያዞርኩ ካቴናውን ዘይት ቀባሁት፤ የጎማውን ነፋስም ለካሁ። ባልክሉታ ላይ ሰፊውን የክሉታ ወንዝ ተሻገርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሣርና በግ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ንፋስ ነው። የጎን ንፋሱ በጣም ስለሚገፋ ሞተሯን በትንሹ ወደ እሱ አጋድዬ መንዳት ነበረብኝ። ጎርንና ማታውራን አልፌ ኢደንዴል ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። በ1899 የተወለደው ሙንሮ ልጅነቱን ያሳለፈው እዚህ፣ በእርሻ ላይ ነው። ዛሬም የማየው ያንኑ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ልጅ ሆኖ በፈረስ ላይ ፍጥነትን የቀመሰ ሰው፣ ይህን የመሰለ ቀጥ ያለ መንገድ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

በ1920 ሙንሮ ኢንዲያን ከተባለው ፋብሪካ የወጣች፣ ስካውት የምትባል አዲስ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ስካውት ያኔ ገና አዲስ ሞዴል ነበረች። ንድፏን ያወጣው አየርላንዳዊው ቻርልስ ፍራንክሊን ሲሆን፣ የተሠራችው በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ ነው። የሙንሮዋ ከፋብሪካው የወጣች 627ኛዋ ስካውት ነበረች። ሁለት ሲሊንደር፣ 600 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደሮቹ ይዘት መለኪያ ነው)፣ ባለ ሦስት ማርሽ ናት። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለዘመኑ ጥሩ ማሽን ናት። ለሙንሮ ግን አልበቃችውም። ከ1926 ጀምሮ ይለውጣት ገባ፤ ሥራው ያበቃውም ጉልበቱ ሲከዳው ነው።

አሁን ፊቷ ቆሜ የማያት እሷን ነው። በመጀመሪያ የሚገርመው አነስ ማለቷ ነው። ቀጥሎ ዓይን የሚያርፈው በሞተሩ ላይ ነው። ፋብሪካው ሲሠራት ቫልቮቿ፣ ማለትም የጋዝ መግቢያና መውጫ በሮቿ፣ ከሲሊንደሩ ጎን ነበሩ። በዚህ ዓይነት ሞተር አየርና ነዳጁ ሲገባም ሆነ ሲወጣ ጥግ ዞሮ ነው። ማቃጠያው ክፍል ወደ ጎን ስለሚንጣለል ጋዙን አጥብቆ መጭመቅ አይቻልም። ሞተሩ፣ በእኛ አነጋገር፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሙንሮ ቫልቮቹን ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ አናት አወጣቸው። ፋብሪካው ሁለት ካም፣ ማለትም እየዞረ ቫልቭ የሚከፍት ጎባጣ ብረት፣ ብቻ በሰጠው ቦታ የራሱን አራት ካም ሠርቶ አስገባ። የተዘጋጀ መለዋወጫ ገዝቶ የገጠመ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ መለዋወጫ በዓለም ላይ አልነበረም።

ፒስተኖቹን ራሱ ያቀልጥና ያፈስ ነበር። ለማፍሰሻነት አሮጌ ጣሳ ይጠቀም ነበር። ይህን ሳነብ ብዙም አልገባኝም ነበር፤ የተበላሹትን ፒስተኖች ተጠግቼ ሳይ ግን ገባኝ። አንዱ አናቱ ላይ ተበስቷል። ቀዳዳው ዙሪያ ብረቱ እንደ ሻማ ሰም ወርዶ ደርቋል። ሌላው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተፍቋል፤ ይህ ሲሊንደሩ ውስጥ የነከሰ ፒስተን ምልክት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሲሊንደሩ ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚተወው ክፍተት ጥቂት ከጠበበ ፒስተኑ ሲግል ይነክሳል። ከሰፋ ደግሞ ግፊቱ ያመልጣል፣ ዘይት ይቃጠላል። ያን ከፀጉር የማይበልጥ ልዩነት ሙንሮ የሚለካው በምን ነበር? በአሮጌ የጎማ ራጂ ሽቦ። ማይክሮሜትሩ እሷ ነበረች።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን የቢየላው ነገር ነው። ቢየላ ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። ፒስተኑ ሽቅብ በርሮ በቅጽበት ቆሞ ቁልቁል ሲመለስ ጉተናው ሁሉ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን ይህ ጉተና እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ፋብሪካው በ1920 የሠራው ቢየላ ሙንሮ የጠየቀውን ዙር ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ሙንሮ አሮጌ የትራክተር አክስል አገኘና ከዚያ ወፍራም ብረት ቢየላውን በእጁ ቀርጾ አወጣ። አክስል የሚሠራው ከባድ ጭነት እንዲሸከም ከተመረጠ ብረት ነው። የብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ለስላሳ ብረት እንኳ ጥግ አስይዞ መሞረድ ክንድ ይበላል። ይህ ግን ሞረድ የሚያንሸራትት ብረት ነው። በዚያ ላይ ሥራው የሚሠራው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነበር፤ ቀን ሞተር ብስክሌት ሻጭ ሆኖ ይውል ነበርና።

የተሰበረውን አይጥለውም። ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ ነበረው። የተበሳ ፒስተን፣ የተሰበረ ቢየላ፣ የተቃጠለ ቫልቭ ሁሉ በዚያ ይደረደር ነበር። በላዩም ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መባ መሆኑን ጽፎበታል። «መባ» የሚለው ቃል ልክ ነው እላለሁ። እያንዳንዱ ዕቃ የሳምንታት ወይም የወራት እንቅልፍ ነው።

ፍሪሲዮኑን፣ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ኃይል የሚያስተላልፈውን ክፍልና የዘይት አዘዋወሩን ሁሉ እንደዚሁ ለውጧል። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ እኔ በፒስተኑና በቢየላው ላይ የቆየሁት የሰውየውን ጠባይ ከሌላው ሁሉ አጉልተው ስለሚያሳዩ ነው።

የፈተናው ቦታ በአሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ያለው የቦንቪል የጨው ሜዳ ነበር። ሙንሮ እዚያ 10 ጊዜ ተመላልሷል። በ1962 በ63 ዓመቱ፣ ከ883 ሲሲ በታች ባለው ምድብ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በ1967 ሞተሩን ወደ 950 ሲሲ አሳድጎ ተመለሰ። ያኔ 68 ዓመቱ ነው፤ የልብ ሕመምም ነበረበት። ክብረ ወሰን የሚያዘው ያንኑ መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ነድቶ አማካዩ ተወስዶ ነው፤ ንፋስ ከኋላ ገፍቶ እንዳያግዝ። የሙንሮ አማካይ ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ 295 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ተብሎ ተመዘገበ። በማጣሪያው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ግን 305 ኪሎ ሜትርን አልፎ ነበር። የሚያስደስተኝ ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ2014፣ እሱ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ ልጁ በስሌቱ ላይ ስሕተት አግኝቶ ለአሜሪካው የሞተር ብስክሌት ማኅበር አሳወቀ። ቁጥሩም ወደ 296.26 ተስተካከለ። በኪሎ ሜትር ሲታይ ልዩነቱ ከአንድ አይበልጥም። ቢሆንም ለዚያች ጥቂት ልዩነት ስንት ቢየላ ተሞርዷል!

መደብሩ ውስጥ ሰዓት አለፈኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ መሣሪያ እየደረደሩ ነበር፤ ከሌሎቹ ጎብኚዎች ይልቅ እጅግ ስለቆየሁ ይመስለኛል ጠጋ አሉኝ። ብረት ሠራተኛ እንደ ነበርኩ ነገርኳቸው። ጨዋታችን ወዲያው ወደ እንክብካቤ ሄደ። እንዲህ ያለችውን ሞተር ብስክሌት መጠበቅ ሌላ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከመጠበቅ ይለያል። ለተራ የ1920 ስካውት ዛሬም መለዋወጫ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የተበላውን ቀይረህ፣ ኒኬል ነክረህ፣ ቀለም ቀብተህ እንደ አዲስ ልታደርጋት ትችላለህ። ለዚህች ግን መለዋወጫዋን የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በጥር 1978 አርፏል። የትኛውም ክፍል ቢጠፋ ወይም «ይሻሻል» ተብሎ ቢቀየር ተመልሶ አይገኝም።

በዚህ ነገር አቋሜ የጠራ ነው፤ ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ዕቃ መወልወል የለበትም። አቧራው ይነሣ። እርጥበት ይከልከል፤ በተለይ ጨው ላይ የተነዳ አሉሚኒየም ጨው ከቀረበት እርጥበት ባገኘ ቁጥር ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ነዳጅ አይተውበት፤ ሲተንን ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ትቶ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ብረቱ ስስ ዘይት ይቀባ። ከዚያ በኋላ ግን እጅ ይሰብሰብ። አንድ ሰው በቅን ልቦና ማሽን ይዞ ያን የሞረድ መስመር ቢያለሰልሰው የሚቀረው የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሞተር ብቻ ነው። እኔ ሦስት የሞረድ መስመሮች አንድ ጥግ ላይ ሲገናኙ አይቻለሁ። ሁለቱ ረጋ ብለው የተሳቡ ናቸው። ሦስተኛው ያዘነበለና ጠለቅ ያለ ነው። እጁ ደክሞት ይሆን፣ ወይስ ሊነጋ ሲል ቸኩሎ? ያ መስመር ለእኔ ከክብረ ወሰኑ ወረቀት አይተናነስም።

ሙንሮ ራሱ በሕይወት ሳለ ይህን ቢሰማ አይቀበለውም ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ለእሱ እንክብካቤ ማለት መቁረጥ፣ መቀየርና እንደገና መሞከር ነበር። ትናንት የሠራውን ዛሬ ለመጣል ቅንጣት አያመነታም። ግን በ1977 በስትሮክ (በአንጎል ደም ሥር መታወክ) ታሞ የእጁና የዓይኑ ቅንጅት ሲዳከም፣ ሁለቱን ሞተር ብስክሌቶቹን፣ ይህችንና ቬሎሴት የተባለችውን ሌላዋን፣ ለዚሁ መደብር ለኖርማን ሄይስ ሸጠ። ኢንቨርካርጊል ካለችበት ከሳውዝላንድ ክልል እንዲወጡ አልፈለገም። የጠባቂነቱ ተራ የጀመረው ያኔ ነው። ብረት የሚሸጥ ቤት ለብረት ሠራተኛ ማሽን መኖሪያ መሆኑ ደግሞ ልቤን ሞላው። በትልቅ ሙዚየም በር ላይ ባገኛት ኖሮ ይህን ያህል ባልቀረበችኝ ነበር።

ከመደብሩ ስወጣ ትንሽ ጠፍጣፋ ሞረድ ገዛሁ። ክዊንስ ፓርክ ያለውን የሙንሮ ሐውልት አየሁ፤ መልካም ሥራ ነው፣ ብዙም ግን አልቆየሁም። ሰዓቱ ወደ ማታ እየተጠጋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ኦሬቲን ማየት አለብኝ።

ኦሬቲ ከከተማዋ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። 26 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ሲሆን በሕግ እንደ መንገድ ይቆጠራል። ሙንሮ ስካውቷን ይፈትን የነበረው እዚህ ነው። ማዕበሉ ሸሽቶ ስለነበር አሸዋው እንደ ሲሚንቶ ጠንክሮ ነበር። መኪኖች ይመላለሱበታል። የኪራይ ውሌ አሸዋ ላይ መንዳት ስለሚከለክል ሞተሬን መግቢያው ላይ አቁሜ በእግሬ ወረድኩ። ከፊቴ ያለው መስመር መጨረሻው በጭጋግ ተውጧል። ንፋሱ ከባሕር ይነፍሳል። ከንፈሬን ስልስ ጨው ጨው ይላል። አንድ ሽማግሌ በዚህ አሸዋ ላይ፣ በጣሳ የፈሰሰ ፒስተን ይዞ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር አሰብኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ንፋሱም ነበረበት።

ስመለስ መስተዋቴ ላይ ስስ የጨው ጉም አርፏል። በጣቴ ጠረግ አድርጌ አየሁት፤ ነጭ ነው። ከተማ እንደገባሁ ነዳጅ ማደያ ጎራ አልኩና ውኃ ለመንኩ። ሞተሩን፣ የራጂ ሽቦዎቹንና ካቴናውን ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃ አጠብኳቸው፤ ግፊት ያለው ውኃ ኩሽኔታ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቄ። ከዚያ በጨርቅ አደረቅሁ። የኋላውን ጎማ አንሥቼ በግራ እጄ እያዞርኩ፣ በቀኜ እያንዳንዱን ማያያዣ አንድ ጠብታ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አጠጣሁት። መቶ ምናምን ማያያዣ ነው። ስጨርስ የደቡቡ ሰማይ ገና ብርሃን ነበረው።