ከዓሣ ጋር ያስራብኳቸው እንቁራሪቶች
መጀመሪያ ሁለት ትንንሽ እንቁራሪቶች ገዝቼ ስመጣ፣ ዓሦቹ ያሉበት ገንዳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ውሃው ዝግጁ ነው፣ ምግብም በየቀኑ እበትናለሁ፣ ምን ይጎድላቸዋል ብዬ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የአንዷ ሆድ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣ አጥንቷ ወጥቶ አየሁ። ለብቻዋ አውጥቼ ላበላት ሞከርኩ፤ አልተረፈችም። በሽታ አልነበረም። ረሃብ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ድንክ የአፍሪካ እንቁራሪት ይባላሉ። አድገውም ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ቢሆኑ ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። ዓይናቸው ግን ደካማ ነው። ምግባቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው አሽትተው፣ እየዳሰሱ፣ ቀስ ብለው ነው፤ እነሱ ፈልገው እስኪደርሱበት ድረስ ዓሦቹ ጠራርገው ጨርሰውታል።

የተረፈችውን ወደ 40 ሊትር ገንዳ አዛወርኳት። አዲስ ገንዳ ውስጥ ከቆሻሻ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ እኔ ከዓሦቹ ማጣሪያ ስፖንጁን ወስጄ አዲሱ ውስጥ ስለከተትኩ ነው ቶሎ የተሳካልኝ። እሱም ቢሆን በየቀኑ አሞኒያና ከእሱ የሚፈጠረውን ሌላ መርዝ፣ ናይትራይትን፣ እየለካሁ ነው፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው።

ጓደኛ ልፈልግላት ስሄድ ደግሞ ልሳሳት ነበር። ጥፍራም እንቁራሪት የሚባለው ሌላ ትልቅ ዝርያ ሕፃን ሳለ ከድንኩ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሴቷ ስታድግ ከ10 ሴንቲሜትር ታልፋለች፣ አፏ የቻለውን ሁሉ ትውጣለች። የፊት እግራቸውን እዩ። ድንኩ በፊት እግሩ ጣቶች መካከልም ስስ ቆዳ አለው፤ የጥፍራሙ የፊት ጣቶች ግን ለየብቻ ናቸው። የጥፍራሙ ዓይንም ወደ አናቱ ወጣ ይላል። ሻጩ ምንም ይበላችሁ፣ እግሩን ሳታዩ አትግዙ! ሆዱ ያበጠ ወይም ቆዳው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ያለበትንም ተዉት። ሁለት ጤነኛ መረጥኩ፣ ሦስት ሆኑ።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጥልቀቱን 25 ሴንቲሜትር ላይ አቆምኩት፣ ምክንያቱም የሚተነፍሱት በሳንባ ስለሆነ በየጊዜው ወደ ላይ መውጣት አለባቸው። ክዳን ግድ ነው፤ ዘለው ከወጡ ደርቀው ይሞታሉ። ከውሃው በላይ አየር የሚገባበት ክፍተትም ተዉላቸው። ጠጠር ከምግብ ጋር ይውጣሉና ከታች ደቃቅ አሸዋ አድርጌያለሁ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ እቀይራለሁ፣ ክሎሪኑን አጥፍቼ፣ ሙቀቱን አስተካክዬ።

ከሁሉም በላይ የለወጥኩት አመጋገቡን ነው። በረዶ የሆነ ቀይ የውሃ ትል አቀልጥና በወረንጦ አፍንጫቸው ሥር አቀርባለሁ። የቀረውን ትንሽ የሸክላ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ ማታ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳህኑን ለመዱት። አሁን አድገዋልና አንድ ቀን እያለፍኩ ነው የምመግባቸው፤ ግን ሦስቱም መብላታቸውን ሳላይ ከገንዳው አልነሳም። ይህ ሃያ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ የሌለው ሰው ባይገዛቸው እመርጣለሁ። የተረፈውን አወጣለሁ፣ ካልሆነ ውሃው ይበላሻል። እጄንም በሳሙና እታጠባለሁ፤ ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዙ ስለሚችሉ የገንዳውን ውሃ ወጥ ቤት አልደፋም።

አንድ ቀን አንዷ ላይ ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ ሳይ ፈንገስ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ። ቆዳዋን እየቀየረች ነበር። አሮጌውን ስባ ስባ ራሷ በላችው።

በቅርቡ ደግሞ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ከገንዳው በኩል ቀጭን የንዝረት ድምፅ መጣ። ማሞቂያው የተበላሸ መስሎኝ ተነስቼ ነካካሁት፤ ምንም አልሆነም። ወንዱ ነው፣ ሴቶቹን እየጠራ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ብዙ ሰማሁት።