ልዩነቴ ይመዝገብልኝ

የአንድ ሙያ ማህበር ዋና ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ሥራው ደብዳቤ መጻፍና ማህተም መጠበቅ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ፕሬዚዳንታችንና ገንዘብ ያዣችን ተኳረፉ። ሰበቡ የጆርናል ማሳተሚያ ቼክ ነው። ቼኩ የሁለቱንም ፊርማ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንታችን ዶክተሩ «ኮሚቴው የወሰነው ነገር ነው፣ ይፈረም» ይላሉ። ገንዘብ ያዣችን ጋሼ ደግሞ «መጀመሪያ ከሦስት ማተሚያ ቤት የዋጋ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ነው የተባለው» ብለው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እኔም እንደ ወጉ ወደ ሽምግልና ሮጥኩ። ሁለት አንጋፋ አባላት ለምኜ አስቀመጥኳቸው። ተሳሳሙ፤ ቡና ጠጣን። ሰኞ ስገባ ቼኩ ሳይፈረም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ታርቀዋል፣ የፕሮፎርማውን ነገር ግን ማንም አላነሳውም።

«ለሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን እንክሰስ» ያለም ነበር። ግን በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማህበር የበላይ አካል የራሱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ለአንድ ቼክ ጉባኤ መጥራትም ቢሆን ያሳፍራል።

ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ። የራሴ ጽሑፍ ነው፦ «ኮሚቴው በሰፊው ተወያይቶ ኅትመቱ እንዲፋጠን በሙሉ ድምፅ ወሰነ።» የት ይታተም? በስንት ብር? ማን ይከታተል? አንዱም የለም። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀን ነበር። ማንም እንዳይቀየም ብዬ ሁሉንም «በሰፊው ተወያይቶ» ውስጥ ቀበርኩት። ሁለቱም የሚያስታውሱት ልክ ነበር። አፈርኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ዝም ዝም ሆነ። ጋሼ ፈገግ አሉና «ታዲያ ፕሮፎርማው ይሰብሰባ!» አሉ። ተሰበሰበ። ያሸነፈው ያው ዶክተሩ ያሉት ማተሚያ ቤት ሆነ፤ ጋሼም ሳያንገራግሩ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ውሳኔውን ሳንበተን ጮክ ብዬ አነባለሁ፦ ማን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር። ያልተስማማ ሰው ሐሳቡ ከነምክንያቱ ይጻፍለታል፤ ከዚያ በብዙኃኑ ውሳኔ ይገዛል። የኮሚቴው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቀጠሮ እንጂ ክርክር የለም። ይቺን ለማስለመድ ግን ፍዳዬን አይቻለሁ፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው አለን።

ስብሰባው ትንሽ ረዝሟል። ዶክተሩ «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ማለት ጥሟቸዋል። ባለፈው በሻይና በቆሎ ወጪ ላይ ሳይቀር አስመዘገቡ። መዘገብኩ።